ፍሬው ለገበያ፣ ቅርፊቱ ለጨዋታ

ዛሬ ትንንሽ ልጆች በስሜት ሕዋሶቻቸው እየተጫወቱ እንዴት እንደሚማሩ አቀርብላችኋለሁ። መልካም ንባብ!

በሳይንስ እንደተማርነው የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው፤ እነሱም ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ ናቸው። እኛ አንብበን እንማራለን፤ ሕፃን ግን የሚማረው ነክቶ፣ አሽትቶና አንኳኩቶ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤት ከፍታ ልጆችን በዚህ መንገድ አስተምራለች። ልጆቹ ሻካራውንና ለስላሳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይለዩ ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ትንሹ ወንድሜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። እማዬ ለውዝ ቆልታ ለሐረርና ለጅግጅጋ መንገደኞች ትሸጣለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን የቤት ሥራ እየሠራሁ ዞር ስል አፍንጫው ውስጥ ለውዝ ከቶ ያለቅሳል። በጣቴ ላወጣ ስሞክር ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። አዝዬው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ አወጣችለትና "ጉሮሮው ገብቶ ቢሆን ትንፋሹን ይዘጋው ነበር" አለችኝ። እማዬ አልተቆጣችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቁጣ ባሰብኝ። በኋላ ሳስበው ልጁ የሚነካው ነገር ፈልጎ ነው፤ እኔ ደግሞ ምንም አልሰጠሁትም። ስለዚህ እነዚህን ሠራሁለት፦

1. የሚንኮሻኮሽ ካልሲ፦ አሮጌ ካልሲ አጥባችሁ የደረቀ የለውዝ ቅርፊት ሙሉበት። የሻገተውን ልቀሙና ጣሉ። አፉን በመርፌና በክር አጥብቃችሁ ስፉት። ልጁ ሲጨብጠው ቀጭ ቀጭ ይላል።

2. የድምፅ ሃይላንድ፦ በአንዱ ባዶ ሃይላንድ አሸዋ፣ በሌላው ጠጠር ጨምሩና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። ከጀርባችሁ እያንሿሿችሁ "የቱ ነው?" በሉት።

3. የውሃ ጨዋታ፦ ሁለት ጣሳ ውሃ በሳፋ ይበቃል፤ ውሃ በጀሪካን ተሸክመን ነው የምናመጣው! ማንኪያው ይሰምጣል፣ ባዶው ሃይላንድ ይንሳፈፋል። ሲያልቅ ውሃውን ለችግኝ አጠጡት።

4. የሽታ ቋጠሮ፦ ቡና፣ ዝንጅብልና የሎሚ ልጣጭ ለየብቻ በጨርቅ ቋጥሩ። እያሸተተ ይገምት። በርበሬ ግን በፍጹም!

ማሳሰቢያ፦ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ ለውዝ አይሰጥም። አፍንጫው ከገባ እንደ እኔ በጣት አትጎርጉሩ፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ውሃ ባለበት ደግሞ ልጁን ለደቂቃም ብቻውን አትተዉ። ካልሲው ከተቀደደ ጣሉት።

አሁን ወንድሜ ገና ከበር ሲያየኝ ካልሲውን ይዞ ይመጣል። እኔም የቤት ሥራዬን አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፤ በየመስመሩ ቀና እያልኩ አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከአራቱ ጨዋታዎች ምላስን የሚያሠራው የትኛው ነው? መልሱ "አንዱም" ነው። ለምን እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!