በብስክሌት ስለሚያልፍ መንገደኛ

በቅሎ ገብስ ትሻለች፤ መኪናም ነዳጅ ይሻል። ብስክሌት ግን የምትሻው የነጂዋን እንጀራ ብቻ ነው። ነጂው ከበላ ትሄዳለች፤ እርሱ ከደከመ ትቆማለች። ስለዚህ በብስክሌት አገር የሚያቋርጥ ሰው ከእግረኛ ይልቅ ይፈጥናል፥ ከባለ መኪና ይልቅ ግን ብዙ ያያል። ባለ መኪና መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ብስክሌተኛ ግን የአበባውን ሽታ ይሸታል፥ የወንዙን ድምፅ ይሰማል፥ የሚያገኘውንም ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያያል። በመንገድ ዳር ካሉት ሰዎች የሚሰውረው ግድግዳ የለውም።

አይከል የጭልጋ ከተማ ናት። ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ይህ መንገድ የጥንት ነው። መኪና ሳይመጣ በፊት ሲራራ ነጋዴ ቡናና ሰም ጭኖ ወደ ሱዳን ይወርድበት፥ ጥጥና ጨርቅ ጭኖ ይመለስበት ነበር። ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሣዊ ሐኪም ታላቁን ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ.ም. በሰናር በኩል ተጉዞ ጎንደር ገባ። አፄ ዮሐንስ አራተኛም በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ መንገድ ጫፍ፥ በመተማ ነው፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገደኛ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ብስክሌተኞች ከግብጽ ከተማ ከካይሮ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ እስከ ኬፕ ታውን ተጓዙ። ጉዞው ቱር ዳፍሪክ ይባላል፤ ርዝመቱ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን አራት ወር ያህል ይፈጃል። ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ እየተደገመ፥ ሱዳንን አቋርጦ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚያልፉም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ቀን በሱዳን ሜዳ ሲጓዙ ቆይተው፥ ከመተማ ጀምሮ ዳገት ይጠብቃቸዋል።

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። የአይከል ከፍታ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱም በቀጥታ ቢወጣ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሸለቆ ይወርዳል፥ እንደገና ይወጣል፥ ያገኘውን ከፍታ መልሶ ይጥላል። ስለዚህ በመጽሐፍ ከተጻፈው ከፍታ ይልቅ የብስክሌተኛው እግር የሚቈጥረው ይበዛል። 1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቍጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፥ ማለዳ በቆላ ልብሱን አውልቆ የተነሣ ሰው አይከል ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ምድሩም አብሮ ይለወጣል። ከታች ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ፥ በድንጋያማው ኰረብታ ላይም የዕጣን ዛፍ ይታያል፤ ከላይ ጤፍና ኑግ ይታያል። በጥቅምት ወር ኑጉ ሲያብብ ማሳው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ለጉዞም ደጉ ወራት ይህ ነው። በክረምት ጎርፍ አለ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ያቃጥላል፤ በቆላም የሚያድር ሰው ስለ ወባ አጎበር ሊለየው አይገባም።

በጭልጋ ደጋ ላይ የቆመ መንገደኛ ቢያስተውል ታላቅ ነገር ያያል። ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጐን ለጐን ቢወድቁ መንገዳቸው ሊለያይ ይችላል። አንዲቱ በደቡብ በኩል በደምቢያ ሜዳ አልፋ ጣና ትገባለች፤ ከጣናም በዓባይ ወጥታ፥ ጎጃምን ዞራ፥ ካርቱም ስትደርስ ከነጭ ዓባይ ጋር ትገናኛለች። ሁለተኛይቱ ወደ ጓንግ ወንዝ ትወርዳለች። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ እርሱም ከካርቱም በታች 300 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ሌላ ታላቅ ወንዝ ወደ ዓባይ አይገባም። እንግዲህ በጭልጋ የተለያዩት ጠብታዎች የሚገናኙት በሱዳን ምድረ በዳ ነው። ብስክሌተኛውም ከካይሮ ጀምሮ የዓባይን ዳር እየተከተለ መጥቶ ከሆነ፥ ከታች የጠጣውን ውኃ መነሻ እዚህ ያገኘዋል።

በዚሁ በጓንግ ሸለቆ ወንዙ በቦረቦረው ገደል ውስጥ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የእንስሳ አጥንት አግኝተዋል። አጥንቱ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መሆኑን በ1996 ዓ.ም. ገለጡ። ከእንስሳቱም መካከል የዝሆን ዘመዶች ነበሩ፤ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ያሉት፥ ዛሬ ዘሩ የጠፋ አንድ አውሬም ነበረ።

አሁን ስለ መንገዱ ሰዎች መናገር ይገባል። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ እንግዶች ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲጽፉ ሁለት ነገር ሳያነሡ አያልፉም። አንደኛው ቡናው ነው፤ የማያውቁት ሰው ከቤቱ አስገብቶ፥ ቄጠማ ጐዝጕዞ፥ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ እንግዳውን አይለቅም። ሁለተኛው ድንጋይ ነው። በየመንደሩ ጥግ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ብስክሌተኛ ሲያዩ «ዩ! ዩ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ገንዘብ ይለምናሉ፤ ያልሰጣቸውን አንዳንዶቹ በድንጋይ ይከተሉታል።

እረኛ ድንጋይ ሲወረውር ያደገ ነው። ላም ወደ አዝመራ ስትገባ በጠጠር ይመልሳታል፤ ዝንጀሮ ሲመጣ በወንጭፍ ያባርረዋል። እጁ ስለ ለመደ በብስክሌተኛውም ላይ ሲዘረጋ እንደ ጨዋታ ይመስለዋል። ብስክሌተኛው ግን የልጁን ልብ አያይም፤ የሚያየው ድንጋዩን ነው። ቍልቍለት ሲወርድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ በአንዲት ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊቱ የተወረወረበት ድንጋይ ሲመጣ የድንጋዩና የእርሱ ፍጥነት ይደመራሉ። ላሚቱን ጅራቷን ብቻ የሚያስወዛውዝ ጠጠር የእርሱን ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ድንጋዩ ባያገኘው እንኳ፥ ደንግጦ መሪውን ቢጠመዝዝ ከኋላው የጭነት መኪና ይኖራል፤ ፍሬኑን በድንገት ቢይዝ በራሱ ላይ ይገለበጣል። ይህን ሁሉ ያደረገው ልጅ የተነሣው ሰውን ለመግደል አልነበረም።

በደሉ ግን የልጆቹ ብቻ አይደለም። ከእንግዶቹም አንዳንዱ፥ ደግ ያደረገ እየመሰለው፥ ለዶሮ እህል እንደሚበተን ከረሜላና እስክሪብቶ እየበተነ አለፈ። ልጆቹም የፈረንጅ ብስክሌት ሁሉ ስጦታ ይጭናል ብለው ተማሩ። ከበስተኋላ የመጣውና ባዶ እጁን የሆነው መንገደኛ የፊተኛውን ዕዳ ከፈለ። ሽማግሌዎች ባሉበት መንደር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ አባት ከደጃቸው ሆነው «ተው አንተ ልጅ! እንግዳ ነው» ቢሉ የተነሣው እጅ ይወርዳል።

በዳገት ላይ ደግሞ ልጁና ብስክሌተኛው እኩል ይሆናሉ። ዕቃ የጫነች ብስክሌት በጭልጋ ዳገት ላይ በሰዓት ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም፤ የደጋ ልጅም ይህን ያህል ሳይደክመው ይሮጣል። አንዳንዱ ከኋላ እየገፋ ይረዳል፤ አንዳንዱ «እንደምን ዋልክ» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። እንግዳውም ከአማርኛ የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ቢሆን እንኳ ይመልሳል፥ ሁለቱም ይሥቃሉ። የግራር እሾህ ጎማውን ቢወጋው የልጁ ዕውቀት ከእንግዳው ይበልጣል፤ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ የት እንዳለ የሚያውቅ እርሱ ነውና። ጎሚስታ ባይኖር ልጁ ከቤቱ በገበቴ ውኃ ያመጣል። ከመነዳሪው አየር ተነፍቶ በውኃው ውስጥ ሲነከር፥ ትናንሽ አረፋ ከሚወጣበት ስፍራ ቀዳዳው ይታወቃል። ያን ጊዜ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ገበቴውን ከቦ፥ አረፋው የት እንደሚወጣ ለማየት ይሽቀዳደማል። ድንጋይ የሚያነሣ አንድም አይገኝም።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ስደተኞችም በመተማ በር ገቡ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚህ የተነሣ መንገዱ ለሽርሽር የሚመች መሆኑ ቀረ። ዳገቱ ግን አለ፤ ኑጉም በየጥቅምቱ ያብባል። በአይከል ብስክሌተኛ ከሩቅ አይቶ ከብቱን ትቶ የሮጠው ልጅ ዛሬ አድጓል፤ የሚጠብቀውም ከብት የታናሽ ወንድሙ ሆኗል።

ከአይከል በኋላ መንገዱ በኰረብታና በሸለቆ እየተመላለሰ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አዘዞ ሲደርስ ከባሕር ዳር ከሚመጣው ታላቅ መንገድ ጋር ይገናኛል። ወደ ቀኝ የዞረ ወደ ጣና አገር ይወርዳል፤ ወደ ግራ የዞረ ደግሞ ጥቂት ወጥቶ ጎንደር ይገባል። ከመተማ የመጣ ብስክሌተኛ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ የሚያድርበት ቤትና ካቴናውን የሚያጥብበት ውኃ በዚያ ይገኛልና።