ሕግ ከመጽደቁ በፊት የት ይቆያል? የቋሚ ኮሚቴዎች የዕለት ሥራና የእኛ ድርሻ



ስለ ሕግ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ» የሚል የሁለት ደቂቃ ዜና እናያለን፤ እጅ ሲወጣ፣ ቁጥር ሲነበብ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ በዶርም፣ በካፌና በመስጂድ ደጃፍ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ ይደሰታል፣ ሌላው ይቆጣል። ነገር ግን ክርክራችን የሚጀመረው የሚሰማን ሰው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው።

የኮንስትራክሽን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሕንፃ ሲመረቅ የሚታየው ሪባኑ ነው። የሕንፃው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱ በተፈተሸበት ዕለት ነው፤ የብረቱ ውፍረት፣ ርቀቱ፣ አስተሳሰሩ በንድፉ መሠረት መሆኑ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ስህተት ማረም ማፍረስን ይጠይቃል። ሕግም እንዲሁ ነው። የምክር ቤቱ ሙሉ ስብሰባ ምረቃው ሲሆን፣ የብረት ፍተሻው የሚካሄደው በቋሚ ኮሚቴ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ይህንን ቦታ ያስተዋውቃል።

፩. መሠረቱ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለ5 ዓመት እንደሚመረጡ፣ ቁጥራቸውም ከ550 እንደማይበልጥ ይደነግጋል። አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው። የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል፤ በመካከሉም የአንድ ወር እረፍት ሊኖር ይችላል።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እያንዳንዱን አንቀጽ ማብላላት አይችሉም። ስለዚህ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎችን እንዲያቋቁም ሥልጣን ሰጥቶታል። ኮሚቴዎቹ ሥራቸውን በዘርፍ ይከፋፈላሉ፤ የሕግና ፍትሕ፣ የበጀትና ፋይናንስ፣ የሰው ሀብት ልማት፣ የጤና፣ የመሠረተ ልማት፣ የመንግሥት ወጪ ቁጥጥርና ሌሎችም። ስማቸውና ቁጥራቸው ከምርጫ ዘመን ወደ ምርጫ ዘመን ይለዋወጣል፤ የሥራው ባሕርይ ግን ያው ነው።

፪. የአንድ ረቂቅ ጉዞ

በአገራችን አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ የሚመጣው ከአስፈጻሚው አካል ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀዋል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ንባብ። ረቂቁ ከማብራሪያው ጋር ለምክር ቤቱ ይቀርባል። አባላት አጠቃላይ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል።

ሁለተኛ፣ የኮሚቴ ሥራ። አባላቱ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ያነባሉ። አርቃቂውን መሥሪያ ቤት ጠርተው «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለድርሻ አካላትን ይጋብዛሉ፤ የሕዝብ ውይይት መድረክም ያዘጋጃሉ።

ሦስተኛ፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ። ኮሚቴው ምን እንደሰማ፣ ምን እንዳሻሻለና ምን እንደሚመክር ጽፎ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። በሁለተኛው ንባብ ክርክር ተደርጎ ድምፅ ይሰጣል፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ።

አራተኛ፣ በአንቀጽ 57 መሠረት የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል። በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረም እንኳ በሥራ ላይ ይውላል። ሕጉ የሚታተመው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው።

ከእነዚህ አራት ደረጃዎች ውስጥ ተራው ዜጋ ሐሳቡን በቀጥታ ሊያስገባበት የሚችለው ሁለተኛው ነው። ከመድረኩ በፊትና በኋላ ያሉት በሮች ለእኛ ጠባብ ናቸው።

፫. የአንድ ግሥ ክብደት

የኮሚቴ ሥራ ከውጭ ሲያዩት አሰልቺ ይመስላል። ሰዎች ተቀምጠው በአንድ ቃል ላይ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ቃሉ ግን ቀላል አይደለም። «ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይሰጣል» እና «ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል» በሚሉት መካከል ትልቅ ገደል አለ። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው ምርጫ ነው። «በ30 ቀን ውስጥ» የሚል ሐረግ ከተጨመረ ደግሞ ዜጋው ቀን ቆጥሮ መጠየቅ ይችላል። ካልተጨመረ መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በመድረሳ ኪታብ የቀራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንድ ሐርፍ ወይም አንድ ሐረካ ስትለወጥ ትርጉም ይለወጣል፤ ኡስታዞቻችን በነሕው ትምህርት ላይ የሚጨነቁት ለዚሁ ነው። ሕግ አርቃቂም እንዲሁ መጨነቅ አለበት።

፬. ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ

ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን እንውሰድ። በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ወለድ የማይከፈልበት ተቀማጭ ማሰባሰብንና ገንዘቡን ሥራ ላይ ማዋልን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠው። ሥልጣን ሰጠ እንጂ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። መመሪያው የወጣው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። እርሱም ቢሆን የፈቀደው ነባር ባንኮች በተለየ መስኮት አገልግሎቱን እንዲሰጡ ነበር። በ2011 ዓ.ም አዋጁ በቁጥር 1159/2011 ተሻሻለ፤ በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም መንገዱ ተከፈተ። ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም ነው።

ቀኖቹን ልብ በሉ። ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጀመሪያው ባንክ 13 ዓመት ገደማ። በዚህ መካከል ገንዘባቸውን ከባንክ ያራቁ ነጋዴዎችና በብድር መስፋፋት ያልቻሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ አንድ ሐረግ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በረቂቅ ደረጃ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ለውጥ ያመጣል።

ሌላው ምሳሌ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። መጅሊሱ ለረጅም ዘመን የራሱ ማቋቋሚያ አዋጅ ሳይኖረው ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም ምክር ቤቱ አዋጅ አጽድቆለታል። ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነበር። ጥያቄ ሕግ የሚሆነው ግን ወደ ወረቀት ሲወርድና አንቀጽ ሲሆን ነው።

፭. ክትትልና ቁጥጥር

ኮሚቴ ሕግ ብቻ አያይም። የወጣው ሕግና የተመደበው በጀት የት እንደደረሰ ይከታተላል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውንና የአፈጻጸም ሪፖርታቸውን ለሚመለከታቸው ኮሚቴዎች ያቀርባሉ። አባላቱ የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ፤ ሆስፒታል፣ የመንገድ ሥራ፣ ዩኒቨርሲቲም ይጎበኛሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። የኦዲት ግኝት ሲኖር ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ጠርቶ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደሉም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ ይሠራል ማለት አይደለም። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫዎች ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ እንደያዙት እናስታውሳለን። አስፈጻሚውና ሕግ አውጪው ከአንድ ፓርቲ ሲሆኑ ኮሚቴ ጠንካራ ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። ሆኖም «ምንም አይለወጥም» ብሎ መቀመጥ በሩን ለሌላው መተው ነው። በደንብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ለደፋሩ አባል መደገፊያ ይሆነዋል፤ ለሌላውም «አልሰማንም» የሚልበትን ምክንያት ያሳጣዋል።

፮. ከሰርግ የምንማረው

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ብቻቸውን አልወሰኑም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን ጠሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። ከዚያ የቁረይሽ አዛውንቶችን ጠሩ፤ እነዚህ እንመለስ በሚለው ተስማሙ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። በኋላ ለጉዳዩ ወጥተው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሯቸው። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ሁለት ትምህርት አለ። አንዱ ለጠያቂው ነው፤ ወገኖችን በየተራ ጠርቶ ልዩነታቸውን በትዕግሥት መስማት። ሌላው ለዐዋቂው ነው፤ ማንም ባይጠራው እንኳ የያዘውን ማስረጃ ይዞ መምጣት። እኛ በአብዛኛው የምንቆመው በዐብዱረሕማን ቦታ ነው። የያዝነውን ካልተናገርን ውሳኔው ያለ እርሱ ያልፋል።

፯. የትኛውን በር እናንኳኳ?

ብዙ አቤቱታ የሚባክነው በር በመሳሳት ነው። አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴር ወይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ሥር የራሱ የሴኔት ሕግ አለው። የሶላት ቦታ፣ አለባበስ ወይም በዒድ ቀን የተመደበ ፈተና ጥያቄ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ የተጻፈው የት ነው?» የሚለው ነው። በሴኔት ሕግ ላይ ያለን ነገር ይዞ አራት ኪሎ መሄድ መንገድ ማርዘም ነው፤ በአዋጅ ያለን ነገር ይዞ ዲኑን ማስጨነቅም እንዲሁ። መመሪያ ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያቸውን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ይህን መብት ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል?

ለኮሚቴ የሚጻፍ አስተያየት ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። አራት ነገር ይበቃዋል፤ የአንቀጹ ቁጥር፣ ረቂቁ አሁን የሚለው፣ የሚያስከትለው ችግር ከነምሳሌው፣ እንዲተካ የምንፈልገው ቃል በቃል። «ቅር ብሎናል» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። «በዚህ ፋንታ እንዲህ ይባል» የሚል ደብዳቤ ግን ለአንባቢው የሚሠራበት ነገር ይሰጠዋል።

በጀመዓችን የሕግ፣ የምሕንድስና፣ የጤናና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አሉ። ረቂቅ ሲወጣ አራት ሰው ተቀምጦ ማንበብ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። የምንጽፈውም ለእኛ ብቻ የሚጠቅም አይሁን፤ ፍትሕ ለጎረቤታችንም ፍትሕ ሲሆን ነው የሚጸናው።

ለመወያያ

1. «ይሰጣል» እና «ሊሰጥ ይችላል» የሚሉት ቃላት በምታውቁት አንድ የግቢ ደንብ ውስጥ የት አሉ? ቢቀያየሩ ምን ይለወጣል?

2. አሁን የሚያሳስባችሁን አንድ ጉዳይ ምረጡ። በአዋጅ፣ በደንብ፣ በመመሪያ ወይስ በሴኔት ሕግ ነው የተወሰነው?

3. በትምህርት ዘርፋችሁ ለአንድ ኮሚቴ ልታቀርቡት የምትችሉት፣ ሌላ ሰው ላያውቀው የሚችል ማስረጃ ምንድን ነው?

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን።