አስቸጋሪ ጌም በተጣበበ ጊዜ

የማስተማር ልምምድ ሲደርስ ጊዜ የት እንደሚገባ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያሻም። ጧት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ዕቅድ፣ ማታ ደግሞ ከካርቶን መርጃ መሣሪያ መቁረጥ ነው። በዚህ መሐል የቪዲዮ ጌም የሚጫወት «ሥራ ፈት» ይባላል። እኛ ግን እንደ ጌሙና እንደ አጨዋወቱ ነው ባዮች ነን። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ሴሌስት»ን እንውሰድ።

ማደሊን የምትባል ወጣት ተራራ ትወጣለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ዳሩ ግን ከገደሉ ይልቅ የሚያስቸግራት የራሷ ጭንቀት ነው። እንዲያውም የገዛ ጥርጣሬዋ እሷኑ መስሎ ከመስተዋት ወጥቶ ያሳድዳታል። የምትችለው መዝለል፣ ግድግዳ ጨብጦ መውጣትና በአየር ላይ ወደ 8 አቅጣጫ መወርወር ብቻ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ኧረ አይደለም! አንዱን ቦታ ለማለፍ 50 ጊዜ መሞት ያለ ነገር ነው።

ታዲያ ጊዜ ለሌለው ሰው እንዴት ይሆናል? መልሱ በአሠራሩ ላይ ነው። ምዕራፉ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ሲሞት ወዲያው እዚያው ክፍል መግቢያ ላይ ይነሣል እንጂ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ አይመለስም። መሐል ላይ አስቀምጦ መውጣትም ይቻላል። ልክ እንደ ደህና የትምህርት ዕቅድ፣ ለአንድ ክፍል አንድ ዓላማ ተሰጥቶታል። ስለዚህ 20 ደቂቃ ይበቃል።

ከፋፍሎ መለማመድ ደግሞ ኪሳራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞች ታይፕ ሲማሩ ያዩትን አሳትመው ነበር። በቀን 1 ሰዓት የተለማመዱት በቀን 4 ሰዓት ከተለማመዱት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ፊደላቱን ለመዱ። የሚያስቀው ግን በዘዴው ይበልጥ ያልረኩት እነሱው መሆናቸው ነው፤ ቀኑ ረዘመባቸዋ!

አንድ አደጋ አለ። ሞቶ መነሣቱ ፈጣን ስለሆነ «አንዴ ብቻ» የሚባለው ነገር እስከ እኩለ ሌሊት ይጎትታል፤ በማግስቱ 60 ተማሪ ፊት የሚቆመው ደግሞ ያው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ «ይህን እስካልፍ» ሳይሆን በደቂቃ መቁረጥ፣ ያውም ዕቅዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ። በየመንገዱ የተበተኑት 175 እንጆሪዎች ታሪኩን ለመጨረስ ስለማያስፈልጉ ይዝለሏቸው። ከታሪኩ ፍጻሜ በኋላ የሚመጡት ከባድ ምዕራፎችም ለክረምት ይቆዩ።

ጌሙ ፍጥነቱን እስከ ግማሽ የሚቀንስ የእርዳታ ምርጫም አለው። ከመካከላችን «ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። ሰሌዳው ላይ መድረስ ላቃተው ልጅ ወንበር ማቅረብን ማጭበርበር የሚል መምህር አለ እንዴ?

ላፕቶፑ አንድ፣ ተጫዋቹ አራት በሆነበት መኝታ ክፍል ደግሞ ተራው በሞት ይቆጠር፦ 10 ጊዜ የሞተ ለሚቀጥለው ይልቀቅ።