አጋጣሚ ጠባቂው የውኃ ባክቴሪያ
ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ በውኃ፣ በአፈርና በዕፀዋት ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ጤናማ ሰውን እምብዛም አይጎዳም፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመን ሰው ግን ያጠቃል። ኮቪድ-19 ጠንቶባቸው በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማን በተለይ ተጋላጭ ናቸው፤ ባክቴሪያው በእርጥብ ቱቦዎች ላይ ተጣብቆ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። በርካታ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችንም በተፈጥሮው ይቋቋማል። እነዚህን መድኃኒቶች ያለአግባብ መውሰድ ኮቪድን አይፈውስም፤ ይልቁንም ሌሎች ባክቴሪያዎችን አጥፍቶ ለዚህኛው ቦታ ይለቅለታል። ስለሆነም አስታማሚ ከሆኑ ሕመምተኛውን ከመንካትዎ በፊትና በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቱቦዎችን አይነካኩ፤ በኦክስጅን ማርጠቢያው ጠርሙስ ውስጥ የቧንቧ ውኃ አይጨምሩ፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ።