ጳውሎስ መልካም ሥራን ይንቃልን?

ጥያቄ፦ ቅዱስ ጳውሎስ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ካለ፣ ጾማችንና ምጽዋታችን ምን ይረባል?

መልስ፦ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ የተሟገተው ከምጽዋት ጋር አይደለም። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት መገረዝ አለባቸው የሚሉ መምህራን ተነሥተው ነበር። ነገሩ ማዕድ እስከ መለየት ደረሰ፤ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ከመብላት ባፈገፈገ ጊዜ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃውሞታል። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 4 ያቀረበው ማስረጃ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፦ አብርሃም ጽድቅ የተቆጠረለት በዘፍጥረት 15 ነው፤ የተገረዘው ግን በምዕራፍ 17። እንግዲህ ያልተገረዘውም አብርሃምን አባቴ ሊለው ይችላል።

ሥራንማ መች ጣለ! በዚያው በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 እምነት በፍቅር እንደሚሠራ ይናገራል። ለኢየሩሳሌም ድሆችም ከአብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ አሰባስቧል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8ንና 9ን ያንብቡ።