«ካዛንቺስ የነበራችሁት፣ አሁን የት ናችሁ?»

በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ ብዙ ሱቅ፣ ልብስ ሰፊና ምግብ ቤት ሰፈር ለቀቀ። ደንበኛው ግን ዛሬም «የት ገቡ?» እያለ ይጠይቃል። እኔ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ለጀማሪ ፕሮግራመር የሚሆን የመጀመሪያ ሥራ ይታየኛል፤ ያውም በአንድ ምሽት የሚጀመር፦ ለደንበኛው ጥያቄ በራሱ የሚመልስ የቴሌግራም ቦት።

ቴሌግራም የቦት ኤፒአዩን ለሁሉም የከፈተው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ነው። ኤፒአይ የእናንተ ፕሮግራም ከቴሌግራም ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት በር ነው። በዚያ በር በራሳችሁ ለመግባት ጥያቄውን በኤችቲቲፒ መላክ፣ የሚመለሰውን ጄሰን መፈልፈል፣ አዲስ መልእክት መጣ አልመጣ እያሉ መከታተል አለ። ይህን ሁሉ ጣጣ የሚሸከም ትንሽ ላይብረሪ አለላችሁ፤ ፓይተን የሚጽፉ ልጆች ቴሌቦት ይሉታል። ነጻ ነው።

ቴሌግራም ላይ አዲስ ቦት የሚመዘግበውን ቦትፋዘርን ፈልጉ። ለቦቱ ስም ስታወጡለት ረጅም ቶከን ይሰጣችኋል። ኮዱ ውስጥ አንዱ መስመር ላይብረሪውን ይጠራል፣ ሌላው ቶከኑን ያስረክባል፤ ቀጥሎ «ስታርት» ላለ ሰው ምን እንደሚመለስ ትጽፋላችሁ፤ የመጨረሻው መስመር ቦቱ መልእክት እንዲጠብቅ ያዛል። አሥር መስመር እንኳ አይሞላም! «ሰንድ ሎኬሽን» በሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ስትሰጡት፣ የሱቁ አዲስ ቦታ በካርታ ሆኖ ደንበኛው ስልክ ላይ ይደርሳል።

ቶከኑን ግን ለማንም አታሳዩ፤ ያገኘው ሰው ቦቱን እንደራሱ ያዝዘዋል። ካፈተለከ ቦትፋዘር ይሽርላችኋል።

ላፕቶፕ የላችሁም? ፓይድሮይድ የሚባለው መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይተን ያስኬዳል። ትምህርቱስ ከየት ይምጣ? በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግን መሠረት በነጻ ያስተምራል። ብቻ ኮርሱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ እየተማራችሁ ሥሩ። እጅ የሚፍታታው በሥራ ነው።

ነገ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የምታውቁት አንድ ነጋዴ ጋ ሂዱ። ደንበኞቹ ደጋግመው የሚጠይቁትን ጠይቁት፦ ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ፣ ዋጋው እንዴት ነው፣ የት ገባችሁ። መልሱን እሱ በሚናገርበት አማርኛ ጻፉት፤ አቅጣጫውንም እሱ እንደሚያስረዳው፣ በአደባባዩና በሆቴሉ ስም። ከዚያ የቦቱን ሊንክ በሱቁ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጥፉ፤ ቦቱ መመለስ ያቃተውን ጥያቄ ደግሞ በማግስቱ ጨምሩበት።