አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት፦ የመኪና በር ለቀለም ሲዘጋጅ

ተራኪ ድርሰት አንድ ጊዜ የሆነውን ነገር ይተርካል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን ደጋግሞ የሚሠራን ሥራ፣ አንባቢው ራሱ ሊሠራው እስኪችል ድረስ በቅደም ተከተል የሚያስረዳውን የድርሰት ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ድርሰት ሲታይ ቀላል ይመስላል። «የማውቀውን ሥራ መጻፍ ምን ያስቸግረኛል?» ትሉ ይሆናል። የሚያስቸግረው ማወቁ ራሱ ነው፤ ሥራውን የለመደ ሰው እጁ የሚያደርገውን ሁሉ አፉ አይናገረውም።

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆማችኋል እንበል። በሩ ተገጭቶ የጎደጎደ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ገብቷል። የበሩ የታችኛው ጠርዝም ዝጓል። የባትላሜራ ሠራተኛው ላሜራውን ቀጥቅጦ አቃንቷል፤ ከቀለም በፊት ያለው ዝግጅት ግን ገና ነው። በክረምት ዕረፍቱ እዚያ ሥራ የሚለማመድ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ዝግጅት ለጓደኛው ሲያስረዳ እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል፦

«በሩ ታጥቦ ዝገቱ በደንብ ይጠረጋል። ከዚያ ሠራተኛው ስቱኮውን ቀብቶ ደርቆ ይፈገፍገዋል። ከዚያ ፕራይመር ይረጫል። የሚረጨው ሰው አፍንጫውንና አፉን መሸፈን አለበት።»

ቅደም ተከተሉ አልተዛባም። ነገር ግን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡት። የደረቀው ማን ነው? «ቀብቶ» እና «ደርቆ» ሁለቱም ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ሁለቱም በ«እሱ» መደብ የተነገሩ ስለሆኑ ባለቤታቸው «ሠራተኛው» ይመስላል። ስለዚህ በሰዋስው ሕግ የደረቀው ስቱኮው ሳይሆን ምስኪኑ ሠራተኛ ሆኗል! ባለቤቱ ሲለወጥ ዐረፍተ ነገሩን መክፈል ይገባል፦ «ሠራተኛው ስቱኮውን ይቀባል፤ ስቱኮውም ከደረቀ በኋላ ይፈገፍገዋል።»

ቦዝ አንቀጽ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ታላቅ መሣሪያ ነው። «አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፈግፍጎ» ስንል «ከዚያ፣ ከዚያ» ሳንል ሦስት ሥራዎችን በተራቸው እንደረድራለን። ሆኖም ቦዝ አንቀጽ የትኛው እንደሚቀድም እንጂ ድርጊቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚቀጥልና ለምን እንደሚደረግ አይናገርም። የተማሪው ድርሰት የጎደለውም ይኸው ነው። «በደንብ ይጠረጋል» የሚለውን ያነበበ ጓደኛው ዝገቱን ላይ ላዩን ጠርጎ ቢተወው ምን ይሆናል? መኪናው ለባለቤቱ በሚመለስበት ዕለት ምንም አይታይም፤ በደንብ የተፋቀውም ያልተፋቀውም በር አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል። ዝገቱ ግን በቀለሙ ሥር እየሠራ ይቆይና፣ ክረምቱ ሲያልፍ ቀለሙ አረፋ መስሎ ያብጣል፤ ይላላጣል። ባለ ታክሲውም ለአንድ በር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ አሮጌ መኪናን አድሶ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

አሁን የተሻሻለውን ድርሰት አንብቡ።

«በሩ በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ከደረቀ በኋላም፣ ገና ሳይፈገፈግ፣ ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቅባቱ ሳይነሣ ቢፈገፈግ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋልና። ዝገቱ የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። የአሮጌው ቀለም ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እርከኑ እስኪጠፋ ድረስ ይሳሳል። ስቱኮው ከክብደቱ ከመቶ 2 እጅ ያህል ከሚሆን ማድረቂያ ጋር ይደባለቃል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ብቻ ይዘጋጃል። ከተቀባና በጥፍር ሲሞነጨር ምልክት የማይዝ እስኪሆን ከጠነከረ በኋላ መጀመሪያ በ80፣ ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻም በ320 ቁጥር ወረቀት ይፈገፈጋል። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥ ፍግፈጋው በደረቁ ይሁን። አቧራው ከተነሣ በኋላ መስታወቱና ጎማው በወረቀት ይሸፈናሉ። ፕራይመር የሚረጨው ሰው ከመጀመሩ በፊት መተንፈሻ መከላከያውን ያድርግ፤ በአቅራቢያውም እሳት አይኑር። ፕራይመሩ በሁለት ወይም በሦስት ስስ ድርብ ይረጫል፤ የመጀመሪያው እርጥብ ብልጭታው ሳይጠፋ ሁለተኛው አይደረብበትም።»

በዚህ ድርሰት «በደንብ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። በእርሱ ፈንታ «እስኪታይ ድረስ»፣ «እስኪጠፋ ድረስ» የሚሉ ሐረጎች ገብተዋል፤ ሠራተኛው ማቆም ያለበት መቼ እንደ ሆነ በዓይኑ፣ በጣቱና በጥፍሩ ያውቃል። የብርጭቆ ወረቀቱም «ሻካራ» ወይም «ለስላሳ» ተብሎ አልታለፈም፤ ቁጥሩ ተነግሯል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ እየለሰለሰ እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያስባል። ምክንያቱ በ«ስለ» እና በ«ና» ተያይዞ ከየድርጊቱ አጠገብ ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ከመርጨቱ በፊት መጥቷል። በመጀመሪያው ድርሰት መጨረሻ ላይ ነበር፤ አንባቢው እዚያ ሲደርስ ጢሱን ተንፍሶ ጨርሷል።

ግሶቹ በአብዛኛው በተገብሮ የተጻፉ መሆናቸውንም ተመልከቱ። ትኩረቱ በሩ ላይ እንጂ ሠሪው ላይ ስላልሆነ ተገብሮ ተስማሚ ነው። ኀላፊነት ያለበትን ሰው ለይቶ መጥራት ሲያስፈልግ ግን፣ መተንፈሻውን እንደሚያደርገው ሰው፣ ወደ ገቢር መመለስ ይገባል።

መልመጃ

1. «መስታወቱን ሸፍኖ ፕራይመሩን ረጭቶ ደርቆ ቀለም ይቀባዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የት ላይ እንደ ተሳሳተ አስረዱና አስተካክላችሁ ጻፉት።

2. በ«እስክ… ድረስ»፣ በ«ሳይ…» እና በ«እንዳይ…» ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዙ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

3. ብዙው ፕራይመር ውኃን ያሳልፋል። ይህን ምክንያት አድርጋችሁ፣ ፕራይመር ብቻ የተቀባ መኪና በሐምሌ ዝናብ ለምን መነዳት እንደማይገባው ለባለ ታክሲው በአንድ አንቀጽ አስረዱት። አንቱ እያላችሁ ጻፉ።

4. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ምጣድ ማሟሸትን፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው እየጠየቃችሁ ጻፉ። ከዚያም ሥራውን የማያውቅ ጓደኛችሁ ጽሑፉን ብቻ እያነበበ ይሞክረው፤ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ አትናገሩ። የቆመበትንና የጠየቀበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።